የመምህር ሎርካን ስድስተኛ ወረቀት

መምህር ሎርካን ማክእናሊን ሐሙስ ጠዋት፣ ገና በደንብ ሳይነጋ ያገኛቸው የወተት መኪና ሹፌር ነው። አስከሬናቸው ከድልድያችን ሦስተኛ ምሰሶ ሹል አፍንጫ ላይ፣ ወንዙ ከላይ ካመጣው ቅርንጫፍና ግንድ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሹራብ ለብሰዋል፤ ካፖርት የላቸውም። አንድ ጫማቸው ወልቋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። የክሎናራ ሰው ግማሹ ፊደል የቆጠረው በእሳቸው እጅ ነው፤ ይህን የምነግራችሁ እኔም ጭምር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከተማው ሁሉ ድልድዩ ላይ ቆሞ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ፍርዳችንን ሰጥተን ጨርሰናል። ለዋናው መንገድ ጉድጓድ አሥራ አንድ ዓመት በኮሚቴ የተሰበሰብን ሰዎች፣ ለሰው ኃጢአት ግማሽ ሰዓት በቅቶናል። ድልድዩ ውሃው በሚወጣበት ጎኑ ላይ አንድ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት ነበረው። ግንበኛው ፊንታን ስካሊ ከመከላከያው ግንብ ላይ ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች አውልቆ፣ ቦታውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖት ሄዷል። አጥር የለ፣ ገመድ የለ። መምህር ደግሞ እራት በልተው ድልድዩን ሳይሻገሩ አይተኙም። ከዚህ ወዲያ ምን ይመረመራል?

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ ፊንታን፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መርማሪ ሳጅን ጎብነት ታንገኒ ከአውራጃው ከተማ አንድ ሰዓት ነድታ መጣች። ለሳምንቱ ሦስተኛ ሬሳዋ ነበር። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ዝናቡ ሰልችቷታል፣ ሰው ደግሞ ከዝናቡ ይብስ ሰልችቷታል። ዓይኗ ብቻ አይደክምም፤ ጣጣዋም እሱ ነው። የከተማችን ፖሊስ ዴክላን ሻይ ይዞ ቢጠብቃት፣ ሻዩን ተቀብላ ሳትጠጣው በረደ።

ፊንታን ድንጋዮቹ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ትከሻው የሰፋ፣ እጁ በኖራ የተላጠ ሰው ነው።

«ረቡዕ ምን ስትሠራ ዋልክ?» አለችው።

«ማክሰኞ ሌሊት ውርጭ ጣለ። የኖራ ጭቃ ሳይደርቅ ውርጭ ከመታው አለቀለት፤ ይፈረፈራል። ረቡዕ ድንጋዮቹን መልሼ አወለቅኩና የተበላሸውን ስፍቅ ዋልኩ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስኪጨልም። አሥር ሰዓት ተኩል ይሆናል። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሲሄድም ሲመለስም ጡሩምባ ነፍቶልኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳንቃ አምጥቼ ክፍተቱን መዝጋት ነበረብኝ። ደከመኝ። ነገ ጠዋት አደርገዋለሁ አልኩ።» እጁን በሱሪው ጠረገ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጌ አላውቅም፣ ሳጅን። አንድ ቀን ነው። እንደ አባት ያሳደጉኝ ሰው ናቸው።»

«ሲወድቁ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ በምን አወቅህ?»

«ሌላ ከየት ይወድቃሉ?»

ይህን ሲል የሚያየው እሷን ሳይሆን ውሃውን ነበር፤ አተያዩም ረዘመባት።

ወዲያው አለቃዋ ደወለ። «ሰውየው አምኗል አሉኝ። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ሰኞ ጠዋት ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይድረስ።»

«እንግዲያው እስከ ሰኞ ጊዜ አለኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«እንጃ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወደ ዴክላን ዞረች። «ጠዋትና ማታ በፊንታን ቤት በኩል እለፍ።»

«ያመልጣል ብለው ነው?»

«ማምለጥስ ባመለጠ። ውሃውን የሚያይበት ዓይን አላማረኝም። ይልቅ ንገረኝ፣ ይህ ወንዝ ከየት ወዴት ነው የሚሄደው?»

ዴክላን ግራ ገባው። «ከወፍጮ ቤቱ ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወደ ጀልባ ማረፊያው ደረጃ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ነዋ። ሳጅን፣ ደህና ነዎት?»

«ደክሞኛል» አለች።

መምህር ይኖሩ የነበረው ከድልድዩ በላይ፣ ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ ባለው አሮጌ የውሃ ወፍጮ ውስጥ ነው። ቤቱን ዴክላን ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከትቶታል። ጎብነት ስትገባ ካፖርታቸው በሩ ኋላ ተሰቅሎ አገኘችው፤ ደረቅ ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ የተበላበት ሹካና ቢላ አለ፤ የተበላበት ሳህን ግን የለም። ቆም ብላ ቁም ሣጥኑን ሁሉ ከፍታ አየች። ከዚያ ጉልበቷን እየረገመች ፎቅ ወጣች።

ፎቁ ድሮ የዱቄት ማከማቻ ነበር። መምህር መጽሐፍ ሞልተውበት የሥራ ክፍል አድርገውታል። በአንድ ወገን ጆንያ በገመድ ይሳብበት የነበረው የማንሻ በር አለ፤ በሩ ከታች ወደሚያልፈው የወፍጮው ቦይ ይከፈታል። አሁን ተዘግቶ መወርወሪያው ገብቶበታል። ጎብነት ጎንበስ አለች። በሩ ሥር ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የኖረው የዘመናት ዱቄት ረጥቦ፣ ሊጥ ሆኖ፣ መልሶ ደርቋል። በጣቷ ፈርፈር አደረገችው።

በሌላው ወገን፣ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ትንሽ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዝናቡ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አበስብሷቸዋል። በግድግዳው ላይ በየእሁዱ የሚሞላ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቆሟል።

«አልሞሉት ይሆናል» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

የመምህር የወንድም ልጅ ጄራርድ ነው። እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ተወልዶ ያደገ፣ ወፍጮ ቤቱን ሆቴል ለማድረግ ሁለት ዓመት ሲወተውት የኖረ፣ ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ ሰው። ወራሹም እሱ ነው።

ጎብነት የሰዓቱን ተወዛዋዥ በጣቷ ነካ አደረገችው። ሰዓቱ መሄድ ጀመረ፤ አልቆመም።

«ረቡዕ ዘጠኝ ተኩል ላይ የት ነበርክ?»

«ሆቴል፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ። ምስክር የለኝም፤ ብቻዬን ነው የምተኛው።»

«ከአጎትህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ሁልጊዜ። ድንጋይ ይወዱ ነበር። የዚህ ወፍጮ ድንጋዮች ሰው ቢሆኑ ኖሮ ያገቧቸው ነበር።» ወዲያው ደግሞ «ግን ደግ ነበሩ» አለ። «ስንት ቀን ነው እንዲህ ያለ ነገር እዚህ የሚፈጀው? እናቴ ስትሞት ሁለት ሰዓት ነው የወሰደው። አስከሬን ማቃጠያው ቤት፣ ከዚያ ሳንድዊች።»

«እዚህ ለቅሶ ቤት ተቀምጠህ አታውቅም?»

«አላውቅም። ለምን ይጠይቁኛል?»

«ለሥራዬ» አለች ጎብነት።

ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሙ ደወለላት። መምህር ጭንቅላታቸው ከኋላ ተመትቷል፤ የሞቱት ግን ውሃ ታፍነው ነው። ሆዳቸው ውስጥ ድንችና ጎመን፣ የአሳማ ሥጋም ተገኝቷል፤ ከተበላ ሁለት ሰዓት ቢሆነው፣ ቢበዛ ሦስት። ምሳ ከሆነ ደግሞ፣ እራት አልበሉም።

ማሪየከን ሸክላ መሥሪያዋ ውስጥ አገኘቻት። ከሆላንድ መጥታ ሃያ ዓመት አብራን የኖረች፣ የቅርስ ኮሚቴው ጸሐፊ ናት። ከወፍጮ ቤቱ እስከ ጀልባው ደረጃ በወንዙ ዳር ላሉት ሰባት ቅርሶቻችን የናስ ሰሌዳ ሊሰቀል ቀን ተቆርጦ ነበር። ጽሑፉን መምህር ይጽፋሉ፣ ሥዕሉን እሷ ትስላለች።

«ሥዕሎችሽ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ?» አለቻት ጎብነት።

«ሁሉም። የሃያ ዓመት ሥራ ነው።» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ዴክላን በስብሰዋል ሲለኝ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው ሞቶ ለወረቀት ታለቅሳለች ይበሉኝ። መስኮቱን ማን ነው የከፈተው? እሳቸው በሐምሌ ሙቀት እንኳ አይከፍቱም።»

«ጽሑፎቹን አይቻቸዋለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ሰባት።»

«ስድስተኛውን አልሰጡኝም። የጀልባው ደረጃ ነው። ‹ልቀይረው ነው› አሉኝ። ‹ምኑን?› ብላቸው ‹መጀመሪያ ለሚመለከተው ሰው ላንብብ› አሉ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።»

«ያ ጽሑፍ ድሮ ምን ነበር የሚለው?»

«እንዴ፣ እርስዎ አያውቁም? በጎርፉ ዓመት ጀልበኛው በርትሌይ ክሪሃን አሥራ አንድ ጊዜ ሰው አሻግሮ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወንዙ ከነተሳፋሪዎቹ በላው። የከተማው ልጆች በትምህርት ቤት ይዘምሩለታል።»

«ክሪሃን» አለች ጎብነት ቀስ ብላ።

«የወይዘሪት አሱምፕታ አያት ናቸዋ።»

ወይዘሪት አሱምፕታ ክሪሃን ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ አላገቡም። የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ናቸው። ከዚያ በላይ ግን፣ በክሎናራ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ አርባ ዓመት ሬሳ አጥበው ገንዘዋል። እናቴን ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ከጀልባው ደረጃ አናት ላይ ነው። ስድስት ሰማያዊ ሳህኖች ከተደረደሩበት መደርደሪያ አጠገብ ለጎብነት ኬክ አቀረቡላት፤ ከቆረጡላት ቁራሽ ላይ ሌላ ቁራሽ ደረቡበት።

«ብዪ እንጂ ልጄ። ሰው አይመስልም መልክሽ።»

«ለመምህር ምሳ የሚወስዱላቸው እርስዎ ነበሩ አሉኝ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ወስጄ፣ ዘጠኝ ካለፈ በኋላ ሳህኑን አመጣለሁ። አለዚያማ ይሰበስበዋል፤ ወንድ ነው፣ አያጥብም።»

«ረቡዕም እንዲሁ?»

«ምሳውን ወሰድኩ። ድንችና ጎመን ነበር። ሳህኑን ግን ሳላመጣ ቀረሁ፤ ዝናቡን አላየሽም? ቤቴ ተቀምጬ መቁጠሪያዬን ደገምኩ። ሐሙስ ጠዋት ዴክላን መጥቶ ነገረኝ።»

«ስለ ስድስተኛው ሰሌዳ ነግረዎት ነበር?»

አሮጊቷ ሻይ ቀዱ። «የአያቴ ሰሌዳ ነው። ምን ይነግረኛል? ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። በዚህ ከተማ ከእኔ ቤት ገንዘብ አልነበረም፣ መሬት አልነበረም። አያቴ ነበር ያለን።»

ጎብነት ስትወጣ ኬኩን በወረቀት ጠቅልለው ኪሷ ከተቱላት። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቆየች። ማወቁ ምንም አላስደሰታትም።

እሁድ ከሰዓት አራቱን ወፍጮ ቤቱ ፎቅ ላይ ሰበሰበቻቸው። ጄራርድ፣ ማሪየከ፣ ወይዘሪት አሱምፕታና ፊንታን። ዴክላን ደረጃው ላይ ቆመ። ፊንታን በአራት ቀን ውስጥ አሥር ዓመት አርጅቶ ነበር፤ ጢሙን አልተላጨም፣ ወንበር ሲሰጡት የተቀመጠው ዳር ላይ ነው።

«ነገ ጠዋት አንድ ፋይል መላክ አለብኝ» አለች ጎብነት። «ስሙ የፊንታን ነው። ፈርሞበታል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።»

«ምን ቀረው? ልቀጣ» አለ ፊንታን ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ያወለቅካቸው ድንጋዮች በየትኛው ጎን ናቸው?»

«ውሃው በሚወጣበት ጎን።»

«መምህርስ የተገኙት?»

ፊንታን ቀና ብሎ አያት።

«ውሃው በሚገባበት ጎን ነው» አለች ጎብነት። «በምሰሶው አፍንጫ ላይ፣ ከላይ ከመጣ ግንድ ጋር። ከአንተ ክፍተት የወደቀ ሰው ወደ ባሕር ይሄዳል እንጂ፣ በዚያ ጎርፍ ላይ ወደ ኋላ ዋኝቶ፣ በቅስቱ ሥር አልፎ፣ ከወዲያ ማዶ አፍንጫው ላይ አይለጠፍም። ወንዙ እሳቸውን ያመጣቸው ከላይ ነው። ከላይ ደግሞ ከዚህ ቤት በቀር ምንም የለም።»

ሠላሳ ዓመት ያንን ድልድይ ስንሻገር የኖርን ሰዎች፣ ሐሙስ ጠዋት ያ ሁሉ ሕዝብ ቆመን፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ድልድዩ ላይ ነበርኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

«ሁለተኛ፣ ካፖርታቸው በር ላይ ተሰቅሏል፤ ደርቋል። በታኅሣሥ ዝናብ በሹራብ ሽርሽር የሚወጣ ሰው የለም። ሦስተኛ፣ ምሳቸው ሆዳቸው ውስጥ ነው፤ የሞቱት ሳይመሽ ነው። በዚያ ሰዓት ክፍተቱ አጠገብ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እሱም ፊንታን ራሱ ነው፤ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ሁለት ጊዜ አይቶታል። አንተ ባለህበት አልወደቁም። አንተ ከሄድክ በኋላ ደግሞ በሕይወት አልነበሩም።»

ፊንታን እጆቹን አየ። ያልሰማ ይመስል ነበር።

«ታዲያ ከየት?» አለ ጄራርድ።

«ከዚያ።» ጎብነት ወደ ማንሻው በር አመለከተች። «ዛሬ ተዘግቷል። ከበሩ ሥር ያለው ዱቄት ግን ሊጥ ሆኗል። ረቡዕ ዝናቡ ሲወርድ በሩ ክፍት ነበር። መምህር በየቀኑ በዚያ በኩል የወንዙን ከፍታ እያዩ ይመዘግባሉ፤ መዝገቡ ይኸውና። ረቡዕ ቀኑን ጽፈዋል፣ ቁጥሩን አልጻፉም። ከዚያ ወደቁ። በሩን ግን የወደቀ ሰው መልሶ አይዘጋውም።»

«ሰው ነበር ማለት ነው» አለች ማሪየከ።

«ሰው ነበር። ነገሩን ለመደበቅ በሩን ዘጋ። ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ነገር አደረገ፤ ለመደበቅ ምንም የማይጠቅሙ ሁለት ነገሮች። ያንን መስኮት ከፈተ። ይህን ሰዓት አቆመ።»

ጄራርድ ግንባሩን ቋጠረ። «እኔ አልተሞላም ብያለሁ።»

«ብለሃል። ስለዚህ አንተ አይደለህም። እዚህ አገር ሰው ቤት ውስጥ ሲሞት፣ ነፍስ መውጫ እንድታገኝ መስኮት ይከፈታል፣ ሰዓቱም በሞተበት ደቂቃ ይቆማል። አንተ ይህን አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ ያንን ሰዓት አይተህ ስለ መሙላት አታወራም ነበር። ማሪየከም አይደለችም። ሃያ ዓመት ስትስል የኖረችው ሁሉ መስኮቱ ሥር ተዘርግቶ ነበር፤ በዝናብ መስኮቱን ከመክፈት እጇን ብትቆርጥ ይቀላታል። ፊንታን ልማዱን ያውቃል፤ ግን ዘጠኝ ተኩል ላይ ድልድይ ላይ ነበር። ሐሙስ ደግሞ ማንም እንዳይገባ ቤቱ ተቆልፏል። ሰዓቱን ያቆመው ሰው ረቡዕ እዚህ ቆሞ ሲሞቱ ያየ ሰው ነው። አስቦም አይደለም ያደረገው። እጁ ነው ያደረገው። አርባ ዓመት ያንኑ ሲያደርግ የኖረ እጅ።»

ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዞሩ። ወይዘሪት አሱምፕታ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ሳህኑ የት አለ?» አለቻቸው ጎብነት፣ በጣም ቀስ ብላ።

«የቱ ሳህን?»

«የረቡዕ ምሳ ሳህን። ሳላመጣ ቀረሁ ብለውኛል። ወጥ ቤቱን ሁሉ ፈልጌያለሁ፤ ሹካና ቢላ አለ፣ ሳህን የለም። እርስዎ ቤት መደርደሪያ ላይ ግን ስድስቱም ሰማያዊ ሳህኖች ተደርድረዋል። ኬክ ሲቆርጡልኝ ቆጠርኳቸው።»

ከሥር የወፍጮው ቦይ ውሃ ይሰማ ነበር።

«ሳህኑን ሳላመጣ ቀርቼ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቀንም።»

«ምን አነበቡልዎ?»

«ከሊቨርፑል ደብዳቤ አግኝቶ። በአያቴ እጅ የተጻፈ።» ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነበር እንጂ የፈራ አልነበረም። «አልሞተም ነበር። የጀልባውን ገመድ ቆርጦ ራሱን አወጣ፤ ጀልባው ላይ የነበሩት ሰጠሙ። ሊቨርፑል ገብቶ በሌላ ስም አረጀ። እኛ እዚህ እንዘምርለታለን። ሎርካን ‹በወረቀት ቢሆን ዝም እል ነበር፣ ናስ ግን አይፋቅም› አለኝ። ለመንኩት። እስክሞት ጠብቀኝ አልኩት። ‹ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ማን ማንን ይጠብቃል› ብሎ ሳቀና ወንዙን ሊለካ በሩን ከፈተ። ጀርባውን ሰጠኝ። ገፋሁት። እኔ እንጃ፤ ወረቀቱን ልቀማው ይሁን ልገፋው፣ አሁንም አላውቀውም። ከቦዩ ድንጋይ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ከዚያ ውሃው ወሰደው።»

«ሰው አልጠሩም።»

«አልጠራሁም። መስኮቱን ከፈትኩለት።» ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ሰዓቱን ማቆሜን ዛሬ ካንቺ ነው የሰማሁት ልጄ።»

«ወረቀቱስ?»

«ምድጃ ውስጥ ነው።»

ጎብነት ለዴክላን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ዴክላን ወረደም፣ ወጣም፤ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ አያቱንም ያጠቡለት እሳቸው ናቸው። አሮጊቷ ብቻቸውን ተነሡ፣ ካፖርታቸውን ቆለፉ።

«ወይዘሪት አሱምፕታ» አለ ፊንታን።

ቆሟል። ሰው ሁሉ ይጮኻል ብሎ ጠበቀ። ጎብነትም አንድ እርምጃ ቀረበች። እሱ ግን አልጮኸም።

«ሐሙስ ማታ በድስትዎ ሾርባ አመጡልኝ» አለ። «አርብም። ቅዳሜም። ዛሬም ከቅዳሴ በፊት በሬ ላይ ነበሩ።»

«አዎ።»

«አጠገቤ ተቀመጡ። ‹ጠጣ ልጄ፣ እግዜር የማይምረው ኃጢአት የለም› አሉኝ።»

«ብዬሃለሁ።»

«የማንን ነበር የሚሉት?»

ወይዘሪት አሱምፕታ ቦርሳቸውን ከፍተው መቁጠሪያቸውን ያዙ።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ወርጄ ነበር» አለ ፊንታን። የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ጫማዬን አውልቄ ነበር። መምህርን የገደልኩ ሰው ምን እሠራለሁ አልኩ። ከዚያ ድስትዎ ትዝ አለኝ። የሰው ድስት ሳይታጠብ ምድጃ ላይ ትቼ መሄድ ነውር መሰለኝ። ተመልሼ አጠብኩት። ከታጠበ በኋላ ደግሞ ሰኞ ራሴ አደርሳለሁ አልኩ።»

ወይዘሪት አሱምፕታ ወንበሩን ያዙ። አርባ ዓመት በሰው ሁሉ ለቅሶ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙትን ሴት ጎብነት ናት በክንዳቸው ደግፋ ያስቀመጠቻቸው።

ፊንታን በተላጠ እጁ ፊቱን ጠረገ።

«ድስትዎ ታጥቧል» አለ። «አሁን የት ላምጣልዎ?»